የአኳሪየም መስታወት መብሳት እና ያለን ቀዳዳ ማስፋት፦ ዝርዝር መመሪያ

አኳሪየም አብዛኛውን ጊዜ የሚበሳው ለሳምፕ፣ ማለትም ከሥሩ ለሚቀመጥ የማጣሪያ ገንዳ ነው። ከላይ የሚተርፈው ውሃ በራሱ ክብደት ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል፣ እዚያ ይጣራል፣ በፓምፕ ተመልሶ ይወጣል። ሥራው ለጀማሪ ያስፈራል። ብዙ ውሃ በሚሸከም መስታወት ላይ ድሪል መደገን ልብ ይጠይቃል።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር እንያዝ። መስታወት በፑንታ አይቆረጥም፤ ይፈጫል። በፑንታው አፍ ላይ የተለበጡት ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣቶች መስታወቱን ጥቂት በጥቂት ፍቀው ዱቄት ያደርጉታል። ስለዚህ ሥራው ጉልበት አይፈልግም። የሚፈልገው ውሃ፣ ዝግ ያለ ዙር እና ትዕግስት ነው። በተግባር የሚሰነጠቁ መስታወቶች አብዛኞቹ የሚሰነጠቁት ሰው ስለቸኮለ እና ስለተጫነ ነው።

እዚህ ሁለት ሥራ እናያለን፦ ባልተነካ መስታወት ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት እና ያለን ቀዳዳ ማስፋት። ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ማስፋት ከአዲስ መብሳት ይከብዳል።

መስታወቱ የሚበሳ ነው ወይ?

ከሁሉ በፊት ይህ ይጣራ። ቴምፐርድ የሚባለው መስታወት በፍጹም አይበሳም። ይህ መስታወት ሲሠራ በከፍተኛ ሙቀት ከጋለ በኋላ በአየር ንፋስ በድንገት ይቀዘቅዛል። ውጪው ቀድሞ ይጠነክራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በዚህ የተነሳ ላዩ እንደተጨመቀ፣ ውስጡ እንደተወጠረ ይቀራል። ጥንካሬው የሚመጣውም ከዚህ ነው። ፑንታ የተጨመቀውን ላይ አልፎ ወደተወጠረው ክፍል ሲገባ ግን ሚዛኑ ይፈርሳል። ሙሉ መስታወቱ በአንድ ጊዜ ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይበተናል። የእጅ ጥበብም፣ ውድ ፑንታም፣ የፈለገው ያህል ውሃም አያድነውም።

ፋብሪካ በሠራቸው አኳሪየሞች ብዙ ጊዜ ቴምፐርድ የሚሆነው ወለሉ ብቻ ነው፤ ግድግዳዎቹ ተራ መስታወት ናቸው። ሁሉም ጎን ቴምፐርድ የሆነባቸውም አሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ጎን ለየብቻ መርምሩ። ወለሉ ላይ አትብሱ የሚል ተለጣፊ ካለ እመኑት። ተለጣፊ አለመኖሩ ግን ማረጋገጫ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ጥሩ ምርመራ አለ። የላፕቶፕ ኤልሲዲ ስክሪን እና ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ያስፈልጋል። ስክሪኑን ሙሉ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ጨምሩ። በሚመረመረው መስታወት በአንድ ወገን ስክሪኑን አስቀምጡ፤ በሌላው ወገን ሆናችሁ በመነጽሩ ተመልከቱ። መነጽሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ስክሪኑ የሚጨልምበት አቅጣጫ ይመጣል። እዚያ ላይ አቁሙ። ተራ መስታወት ከሆነ ጨለማው ወጥ ሆኖ ይታያል። ቴምፐርድ ከሆነ በጨለማው ውስጥ ብሩህ እና ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ጭረቶች ወይም በጠርዝ አካባቢ የቀስተ ደመና ቀለም ይወጣሉ። ምን እንደምትፈልጉ ዓይናችሁ እንዲለምድ በመጀመሪያ በዚሁ መነጽር የቆመ መኪና የኋላ መስታወት እዩ። እነዚያ ነጠብጣቦች ብዙ ጊዜ እዚያ በግልጽ ይታያሉ። የአኳሪየሙን ወለል ለመመርመር ደግሞ ባዶውን ገንዳ በጎኑ አስተኙት፤ ወለሉ እንደ ግድግዳ ይቆምላችኋል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ገንዳው ከፋብሪካ ቀዳዳ ይዞ ስለመጣ መስታወቱ ተራ ነው ማለት አይደለም። ቴምፐርድ መስታወት ቀዳዳው ከተበሳ በኋላም ሊጠነክር ይችላል። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ማስፋትም አይቻልም። ለማስፋት የምትነሱ ሰዎች ይህን ምርመራ ከማንም በላይ ያስፈልጋችኋል። ጥርጣሬ ከቀረ አትብሱ።

ልኬት፦ መጀመሪያ ባልክሄድ፣ ከዚያ ፑንታ

ባልክሄድ ማለት ቱቦውን ከገንዳው ግድግዳ ጋር የሚያይዘው ዕቃ ነው። በአንድ ጫፉ ሰፊ ከንፈር፣ በሌላው ጥርስ እና ዳዶ አለው፤ ታንክ ኮኔክተር የሚሉትም አሉ። ፑንታ ከመግዛታችሁ በፊት ይህ ዕቃ እጃችሁ ላይ ይግባ። ምክንያቱም ዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር የቱቦው መጠን እንጂ የቀዳዳው መጠን አይደለም። የአንድ ኢንች ባልክሄድ ብዙ ጊዜ 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ከአምራች አምራች ይለያያል። በካሊፐር (ስፋት በትክክል በሚለካ ባለ መንጋጋ መሣሪያ) የጥርሱን ውጫዊ ስፋት ለኩ፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጨምሩበት። የፑንታው መጠን እሱ ነው። ከዚያ በላይ ካሰፋችሁ የጎማው ቀለበት የሚያርፍበት መስታወት ይጠብበዋል።

ቀጥሎ ከጠርዝ ያለው ርቀት። ጥሩው ደንብ ይህ ነው፦ ከቀዳዳው አፋፍ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ድረስ ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል መስታወት ይቅር። ቀዳዳው 45 ሚሊ ሜትር ከሆነ 45 ሚሊ ሜትር መስታወት መቅረት አለበት። ይህ ማለት የቀዳዳው መሐል ከጠርዙ 68 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። በሁለት ቀዳዳዎች መካከልም ያው ርቀት ይጠበቅ። ከዚህ አቅርበው የበሱ እና የተሳካላቸው አሉ። እኔ ግን አልመክርም። ጠባብ ሆኖ የቀረው መስታወት ዕለት ዕለት የውሃውን ግፊት ይሸከማል፤ ድሪሉን የቻለ መስታወት ያንን ለዓመታት ይችላል ማለት አይደለም።

ከቻላችሁ ወለሉን ትታችሁ የኋላውን ግድግዳ ከፍ አድርጋችሁ ብሱ። የወለል ቀዳዳ አንድ ቀን ቢያፈስ ገንዳው እስከ መጨረሻው ጠብታ ይወርዳል። የግድግዳ ቀዳዳ ግን ከእሱ በላይ ያለውን ውሃ ብቻ ያፈሳል። ሁለት ቀዳዳ መብሳትም ብልህነት ነው፤ አንዱ ዋናው መውረጃ፣ ሁለተኛው ዋናው ቢደፈን የሚያድን።

መብራት ሲጠፋ ምን ያህል ውሃ ወደ ሳምፕ እንደሚወርድ አሁኑኑ አስሉት። ርዝመትን በወርድ፣ ውሃው በሚወርድበት ጥልቀት አባዙ፤ ሁሉም በሴንቲ ሜትር ይሁን። ለ1000 ሲካፈል ሊትር ይሰጣችኋል። 120 በ50 የሆነ ገንዳ 3 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 18 ሊትር ይሆናል። ሳምፑ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ባዶ ቦታ ከሌለ የቀዳዳውን ከፍታ ወይም ሳምፑን ቀይሩ።

ሌላው በቀላሉ የሚረሳ ነገር የባልክሄዱ ከንፈር እና ዳዶ ስፋት ነው። ሁለቱም ከቀዳዳው ይሰፋሉ። ካርቶን ላይ በትክክለኛ መጠናቸው ሳሉና ቆርጣችሁ በቦታው አስጠጉ። ከውስጥ ትርፍ ውሃውን ወደ መውረጃው ከሚሰበስበው ሳጥን ጋር (ካለ)፣ ከውጭ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የማይጋጭ መሆኑ ወዲያው ይታያል።

መሣሪያ

ዋናው ዕቃ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ አፉ ላይ አልማዝ የተለበጠ ክብ ፑንታ ነው። ለጥቂት ቀዳዳዎች ርካሹም ያገለግላል። አፉን በጣት ዳስሱት፤ አልማዙ ዙሪያውን እኩል የተለበጠ እና እንደ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት የሚቆረቁር መሆን አለበት። የብረት ወይም የግንብ ፑንታ አይሆንም።

ድሪሉ ፍጥነቱ የሚቀየር ይሁን። የባትሪ ድሪል ይመረጣል፤ ውሃ እና የኤሌክትሪክ ገመድ አንድ ላይ ጥሩ ጎረቤት አይደሉም። ባለ ገመድ ብቻ ካላችሁ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር በራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ካለው መስመር ላይ ሰኩት። ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ለሆነ ፑንታ በደቂቃ ከ400 እስከ 600 ዙር ይበቃል። ብዙ የባትሪ ድሪሎች በ1ኛ ማርሽ እዚያው አካባቢ ስለሚዞሩ ማርሹን 1 ላይ አድርጉ። የመዶሻው ምልክት ላይ አለመሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። በመዶሻ የተመታ መስታወት አለቀለት።

ሌላው ቀላል ነው፦ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የአፍንጫ እና የአፍ ማስክ፣ ወረቀት ፕላስተር፣ የልጆች ፕላስቲሲን፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ ወይም ቀጭን ጎማ፣ ባለ 220 እና ባለ 400 ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት፣ ወፍራም ፎጣዎች፣ እና ለመሪ የሚሆን 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔንሳቶ።

ዝግጅት

ገንዳው ባዶ እና ንጹሕ ይሁን። የሚበሳው ጎን ወደ ላይ እንዲመለከት አስተኙት። የኋላውን ግድግዳ የምትበሱ ከሆነ ገንዳው በፊቱ ተደፍቶ ይተኛል፤ ሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ፎጣ ይነጠፍለት። ከሥር አንዲት ጠጠር እንኳን እንዳትኖር በእጃችሁ ዳብሱ።

አሁን ገንዳው ውስጥ እዩ። የተቆረጠው ክብ ቁራጭ ሲለቅ የሚወድቀው የፊት መስታወቱ ላይ ነው። ያ ደግሞ ዕድሜ ልክ የምታዩበት ጎን ነው። ከ10 ሚሊ ሜትር መስታወት በ45 ሚሊ ሜትር ፑንታ የወጣ ቁራጭ 35 ግራም ያህል ክብደት አለው፤ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ከሚበሳው ቦታ በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ሁለት ሦስት ድርብ ፕላስተር አቆላልፋችሁ ለጥፉ። ፕላስተሩ ቁራጩን ይይዘዋል፤ ፑንታው ሲወጣ የሚፈነጠረውንም ይቀንሳል። ከታች የፊት መስታወቱ ላይ ደግሞ የታጠፈ ፎጣ አንጥፉ።

መሐሉን በፕላስተር ላይ በመስቀል ምልክት አድርጉ። ከሁለት ጠርዝ ለኩ፤ ከዚያ እንደገና ለኩ።

ክብ የአልማዝ ፑንታ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ የሚመራው ሹል ስለሌለው ሲጀምር ይንሸራተታል። መፍትሔው መሪ ጣውላ ነው። ኮምፔንሳቶው ላይ ለእንጨት በሚሆን ክብ መጋዝ ከፑንታው ጋር እኩል የሆነ ቀዳዳ ክፈቱ። ከጣውላው ጠርዝ እስከ ቀዳዳው ድረስ በሥሩ በኩል ቦይ ጥረቡ፤ ውሃ የሚገባው እና የመስታወቱ ጭቃ የሚወጣው በዚያ ነው። ጣውላውን ምልክቱ ላይ አስተካክላችሁ በክላምፕ ያዙት፤ በክላምፑ እና በመስታወቱ መካከል ጨርቅ ወይም ጎማ ይግባ። ክላምፕ የማይደርስ ከሆነ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ደረቅ መስታወት ላይ ይያዝ፤ አንድ ሰው ደግሞ ጣውላውን በእጁ ይደግፍ።

ያለ መሪ መጀመርም ይቻላል። ድሪሉን ወደ 45 ዲግሪ ዘንበል አድርጎ በፑንታው አንድ ጎን ጨረቃ መሰል ጭረት ማውጣት፣ ከዚያ እየዞረ ቀስ በቀስ ቀጥ ማድረግ ነው። የለመደ እጅ ይሠራበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚበሳ ሰው ግን ጣውላው ይሻላል።

በመጨረሻ ጣውላውን እና ቀዳዳውን ከብቦ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የፕላስቲሲን ግድብ ሥሩ። ውስጡን በውሃ ሙሉት። ረዳት ካለ ደግሞ ቀጭን ውሃ ያለማቋረጥ ያፍስስ። መስታወት ሙቀት በቶሎ አያሰራጭም። አንድ ቦታ ብቻ ከጋለ ያ ቦታ ሊለጠጥ ይፈልጋል፣ ዙሪያው ቀዝቃዛ ሆኖ ይይዘዋል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚህ ነው። ውሃው ሙቀቱን ይወስዳል፣ ዱቄቱን ያጥባል፣ ወደ ሳንባ የሚገባውንም ብናኝ ያስቀራል።

መብሳት

ፑንታውን በመሪው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቃታውን በቀስታ ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ምንም አትጫኑ። ቀለበት መሰል ጭረት እስኪወጣ ድረስ ይፍጭ። ከዚያ በኋላ የድሪሉ የራሱ ክብደት ይበቃል። በየ15 ወይም 20 ሰከንዱ ፑንታውን ትንሽ አንሱና ውሃው ወደ ጭረቱ ይግባ፤ ከዚያ መልሱት።

የውሃውን ቀለም እዩ። ወተት ከመሰለ ሥራው ጥሩ እየሄደ ነው። እየወፈረ እንደ ሊጥ ከሆነ ውሃው ይለወጥ። ደረቅ ነጭ ዱቄት ከወጣ ወዲያው አቁሙ። ጆሮም ይሠራል። ጤነኛ መፍጨት ወጥ የሆነ ዝቅ ያለ የመፋቅ ድምፅ አለው። ሲጮህ ወይም ሲያፏጭ ውሃ አንሷል፤ ካልሆነም እጃችሁ ከብዷል።

6 ሚሊ ሜትር መስታወት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈጃል፤ 10 እና 12 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከዚያ እጥፍ እና በላይ። ሰዓት አትቁጠሩ። ፑንታው ብዙ ቆይቶ ምንም ካልገፋ አልማዙ አልቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በመጫን ለማካካስ መሞከር መስታወቱን መስበር ነው። አዲስ ፑንታ አምጡ።

ወሳኙ ክፍል የመጨረሻው 2 ሚሊ ሜትር ነው። ድምፁ ይለወጣል፤ የተቆረጠው ክብ ቁራጭ በትንሹ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እዚህ ላይ የድሪሉን ክብደት ራሱ በእጃችሁ ተሸከሙት። ፑንታው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ጎን ትንሽ ቢያዘነብል አንዱ ጎን ቀድሞ ይወጣና ሌላውን ጎን ይሸርፈዋል። ሲወጣ አትገረሙ፤ ምንም ያህል ብትጠነቀቁ በታችኛው አፋፍ ላይ ቀንጠብ ያሉ ቦታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የጎማው ቀለበት የሚሸፍናቸው ትናንሽ ሽርፋቶች ችግር አይፈጥሩም።

ቁራጩ ፑንታው ውስጥ ከቀረ በጎን ባሉት ክፍተቶች በቀጭን እንጨት ገፍታችሁ አውጡት። በመዶሻ አትምቱት።

አፋፉን ማለስለስ

ባለ 220ውን ብርጭቆ ወረቀት አርጥባችሁ የቀዳዳውን ሁለት አፋፍ፣ የላዩንም የታቹንም፣ በ45 ዲግሪ ጥቂት ሰብሩት። ከዚያ በባለ 400 አለስልሱ። ይህ ለውበት አይደለም። ስንጥቅ የሚነሳው ከሹል ሽርፋት ነው። ሹሉ ሲጠፋ መነሻውም ይጠፋል።

ከዚያ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ የእጅ ባትሪ በጎን አብሩበት። ሽርፋት እንደ ቅርፊት የተጎረደ ሆኖ እዚያው ያልቃል። ስንጥቅ ደግሞ ከአፋፉ ተነስቶ ወደ መስታወቱ የሚሄድ ቀጭን ክር ሆኖ በብርሃኑ ያብለጨልጫል። ክር ካያችሁ ያ መስታወት ውሃ አይሞላበትም። ሲሊኮን ቢቀባበትም አይድንም። ጎኑ ይለወጥ።

ያለን ቀዳዳ ማስፋት

አሁን ወደ ከባዱ። አዲስ ቀዳዳ ስትበሱ የፑንታው አፍ በሙሉ መስታወት ላይ ያርፋል፤ መሐሉ ላይ ያለው ክብ ቁራጭ ደግሞ ውስጡን ይዞ ያቀናዋል። ያለ ቀዳዳ ላይ ያ ቁራጭ የለም። ፑንታው የሚይዘው አጥቶ ይዋልላል፤ የድሮውን አፋፍ ይመታል፤ ይሸርፈዋል። ስለዚህ ሥራው የሚወሰነው በምን ያህል ልታሰፉ እንደምትፈልጉ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት የጠርዝ ርቀቱን እንደገና አስሉ። የ45 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከጠርዝ ልክ 45 ሚሊ ሜትር ርቆ ተበስቶ ነበር እንበል። ወደ 60 ሲሰፋ በእያንዳንዱ ጎን 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሄዳል። እስከ ጠርዙ የሚቀረው 37 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ደንቡ የሚለው ግን 60 ነው። እንዲህ ከሆነ ማስፋቱን ተዉት።

ደንቡ ከተሟላ የድሮውን ሲሊኮን እና ካልክ (ውሃ የተወውን ነጭ ክምችት) በምላጭ አጽዱ፤ አፋፉን በባትሪ ብርሃን መርምሩ። ፑንታው በሚያነሳው ቀለበት ውስጥ የሚያልቅ ሽርፋት አብሮ ይወገዳል። ከዚያ አልፎ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ግን ሥራው እዚህ ላይ ይቆማል።

በስፋት እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚጎድላችሁ ከሆነ ድሪሉን አስቀምጡ፤ በእጅ ፍጩት። ባልክሄዱ ለጥቂት አልገባ ሲል አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ይህ ነው። ከቀዳዳው በሚያንስ ክብ እንጨት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሉ፣ አርጥቡ፣ ዙሪያውን እየዞራችሁ እኩል ፍጩ። አንድ ቦታ ላይ አትቆዩ፤ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። የሚፈለገውን ክብ በማይለቅ እስክሪብቶ መስታወቱ ላይ አስምሩ፤ ቶሎ ቶሎ ባልክሄዱን እየሞከራችሁ ሂዱ። በትንሽ ሮታሪ መሣሪያ ላይ የሚገጠም የአልማዝ ከበሮ ካላችሁ ይፈጥናል፤ እሱም ሳይቋረጥ ውሃ ይፈልጋል። ክንድ ያደክማል። መስታወት የመስበር ዕድሉ ግን ከሁሉም መንገድ ያነሰ ነው።

ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ያለው ማስፋት ከሁሉም የከፋው ነው። ምክንያቱ የፑንታው አፍ ውፍረት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 45 የነበረውን 48 እናድርግ ብትሉ በእያንዳንዱ ጎን የሚነሳው አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። የፑንታው አፍ የሚያርፍበት ሙሉ መስታወት አያገኝም፤ በአፋፉ ላይ ይንጠለጠላል። በትንሹ በተወዛወዘ ቁጥር ይሸርፋል። እኔ በዚህ መጠን ከምታሰፉ ሌላ ባልክሄድ ብትፈልጉ እመርጣለሁ። የሌላ አምራች ዕቃ ለዚያው ቱቦ ሆኖ ጥቂት ሚሊ ሜትር የጠበበ ሊሆን ይችላል። ወይም የጠርዙ ርቀት ከፈቀደ ወደሚቀጥለው መጠን እለፉ።

10 ሚሊ ሜትር እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነገሩ ይቀላል፤ ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያስባል። በእያንዳንዱ ጎን 5 ሚሊ ሜትር መስታወት ካለ ፑንታው ሙሉ በሙሉ መስታወት ላይ አርፎ እንደ አዲስ ቀዳዳ ጎድጓዳ ቀለበት ይቆፍራል። የሚጎድለው ማቀናት ብቻ ነው፤ ያንን መሪ ጣውላው ይሠራል።

ችግሩ የባዶ ቀዳዳ መሐል ላይ ምልክት ማድረግ አለመቻሉ ነው። በወረቀት እንዲህ ይገኛል። ቀዳዳው ላይ ወረቀት አስቀምጣችሁ አፋፉን በእርሳስ ጎን አሹት፤ ክቡ ይወጣል። በመስመሩ ቁረጡ፤ ወረቀቱ ቀዳዳው ውስጥ ልክ መግባት አለበት። ክቡን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት እጠፉት። እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሐሉ ነው። ዘርግታችሁ ቀዳዳው ውስጥ መልሱት፤ ከሥር በፕላስተር ይያዝ። አሁን በእጥፋቶቹ ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ መስመሮቹን ከቀዳዳው ውጪ ወደ መስታወቱ አስረዝሙ። መሪ ጣውላው ላይም ተመሳሳይ የመስቀል መስመር ይሠመር። አራቱ መስመሮች ሲገጥሙ ጣውላው በቦታው ነው።

እዚህ ላይ የጣውላው አያያዝ ከአዲስ ቀዳዳ ይልቅ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ፑንታውን የሚያቀናው ሌላ ነገር የለምና። ጣውላውም ወፍራም ይሁን። ሁለት ኮምፔንሳቶ አንድ ላይ አጣብቃችሁ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ብታደርሱት ፑንታው ውስጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፑንታው በጣውላው ውስጥ ሳይጣበቅ ይዙር፤ ግን አይንገጫገጭ።

ውሃ መያዝም ይከብዳል፤ መሐሉ ክፍት ነው። በውስጥ በኩል ቀዳዳውን በሰፊ ፕላስተር ድፈኑት፤ በላዩ ፕላስቲሲን ጠፍጥፋችሁ ለጥፉ። የሚቀረው በቀጣይ በሚፈስ ውሃ ይሸፈን፤ ከታች ፎጣ እና ሰፊ ዕቃ አስቀምጡ።

ፑንታው መሐሉ ላይ ሹል የሚቀበል ዓይነት ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በድሮው ቀዳዳ ልክ የእንጨት ውታፍ ሥሩ፤ ውታፉን ከሥር ሰፊ ጣውላ ላይ በብሎን እሰሩት፤ ጣውላውን በውስጥ በኩል በክላምፕ ያዙት። ሹሉ እንጨቱ መሐል ገብቶ ፑንታውን ያቀናል። ሹሉ ከአፉ አልፎ እንጨቱን እንዲይዝ፣ ውታፉም እንዳይዞር አረጋግጡ። ሹሉ መስታወት ፈጽሞ መንካት የለበትም።

ፍጥነቱን ከአዲስ ቀዳዳ ያነሰ አድርጉ። የሚነሳው ቀለበት ቀጭን ስለሆነ ከመጨረሻው በፊት ሊሰበር ይችላል። ክርክር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አቁማችሁ ስብርባሪውን አውጡ፤ ፑንታው ሥር የገባ ቁራጭ ጤነኛውን አፋፍ ይጎዳል። ከዚያ አጥባችሁ ቀጥሉ።

ማስፋቱ ከማይሆንባቸው ገንዳዎች ለአንዳንዶቹ መድፈን ጥሩ መፍትሔ ነው። እኩል ውፍረት ያለው መስታወት ከቀዳዳው በሁሉም አቅጣጫ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጣችሁ አስቆርጡ። ሁለቱንም ገጽ በአልኮል አጽዱ። የሻጋታ መከላከያ በሌለው ንጹሕ ሲሊኮን በውስጥ በኩል ለጥፉት፤ የውሃው ግፊት ራሱ ይጫነዋል። አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ አዲሱን ቀዳዳ ርቀቱን ጠብቃችሁ ሌላ ቦታ ብሱ።

መግጠም እና መሞከር

በመጀመሪያ ገንዳውን አጥቡ፤ ደጋግማችሁ። የመስታወቱ ጭቃ ሲደርቅ ብናኝ ይሆናል፤ ፓምፕ ውስጥ ከገባ ደግሞ የሚዞረውን ክፍል ይበላዋል። እርጥብ ሳለ በጨርቅ ሰብስባችሁ ጣሉት፤ ወደ ፍሳሽ ቱቦ አትልቀቁት፤ ይዘቅጥና ይደፍናል።

የጎማው ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ በሰፊው ከንፈር በኩል፣ ከመስታወቱ ጋር ይገባል። ሲሊኮን አትቀቡት። ደረቅ እና ንጹሕ ጎማ በራሱ ይይዛል፤ የተቀባ ጎማ ሲጠብቅ ተንሸራቶ ይወጣል። ዳዶውን በእጅ እስኪከብዳችሁ አጥብቁ፤ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምሩ፤ በቃ። አንዳንድ ባልክሄዶች ጥርሳቸው ግራ ነው፤ አልጠብቅ ካለ በተቃራኒው ሞክሩ እንጂ አታስገድዱ። ቱቦዎቹም በራሳቸው ድጋፍ ይቁሙ፤ ክብደታቸው ባልክሄዱ ላይ አይንጠልጠል።

ገንዳውን በቋሚ ቦታው፣ ፍጹም ጠፍጣፋ በሆነ መቆሚያ ላይ አድርጋችሁ የባልክሄዱን የቱቦ አፍ በክዳን ዝጉ። ውሃውን ከቀዳዳው በላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ሙሉ። ከዳዶው ሥር ደረቅ ሶፍት አስጠጉ፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍት ያሳያል። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ እስከሚሠራበት ከፍታ ሙሉ እና 24 ሰዓት ይቆይ። ከረጠበ ዳዶውን ጥቂት አጥብቁ፤ አሁንም ከረጠበ ውሃውን ቀንሳችሁ ጎማው ሥር የቀረ ቅንጣት ወይም ከጎማው ያለፈ ሽርፋት እንዳለ ፈልጉ።

24 ሰዓቱ በደረቅ ካለፈ ክዳኑን አንስታችሁ ቱቦዎቹን አገናኙ፤ ፓምፑን አስነሱ። ውሃው ሲረጋ ፓምፑን አጥፉና ሳምፑ አጠገብ ቁሙ። ያሰላችሁት ውሃ በሙሉ ወርዶ ሳምፑ ሳይሞላ ከቆመ ዓሣዎቹን ለመመለስ ገንዳው ዝግጁ ነው።